መሪው ያንቺ ነው

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት እንደሆነ ምላሴ እንደ አሮጌ ቀበቶ ትሰንጠቅ። «እሱ ሲያወራ ድመቷን ነብር ያደርጋታል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ። ደግሞም ምስክር አለኝ። ልብስ ሰፊዋ ራሷ ዛሬም እዚያው መስኮት ሥር፣ እዚያው የስፌት ማሽን ላይ ተቀምጣለች። የኔ ባርኔጣ መሸጫ ከሷ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። በመካከላችን ያለው መንገዱ ብቻ ነው፤ ዓይኔ ደግሞ፣ ሳልኩራራ ልናገር፣ ንስር የሚዋሰው ዓይን ነው።

ያን ጊዜ ሰፊዋ ገና ለጋ ነበረች። ቁንጅናዋን ልጻፍ ብል ወረቀት አይበቃኝም። ባጭሩ፣ የሚያልፍ አውቶቡስ መስኮቷ ጋ ሲደርስ ሞተሩ በገዛ ፈቃዱ ቀዝቀዝ ይል ነበር። ሱቁ የአክስቷ ነው። አክስት፣ ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጉ፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ምላሳቸው ከደረታቸው የሰፋ ሴት ነበሩ።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ወጣት የፓይለት ኮት ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። ቁመቱ? በሩን ጎንበስ ብሎ ነው ያለፈው። የመንገደኛው ሁሉ ዓይን በሩ ላይ ቀረ።

«ደህና አደራችሁ። ማዕረግ ትፈታላችሁ?» አለ።

ሰፊዋ ቀና አለች። «ምን?»

«ይቺን ኮት ጡረታ ከወጣ ካፒቴን ነው የገዛኋት። እጅጌዋ ላይ አራት የወርቅ መስመር አለ። እኔ ረዳት ነኝ፤ የሚገባኝ ሁለት ነው።»

«ሰው ማዕረግ ሲያስጨምር እንጂ ሲያስቀንስ አይቼ አላውቅም።»

«አየሽ፤ ዛሬ አየሽ።»

ሳቀች። መቀሷን አነሳችና ክሩን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። መስመሮቹ ሲነሱ ከሥራቸው ያለው ጨርቅ ከቀሪው እጅጌ ይልቅ ጠቆር ብሎ ወጣ፤ ፀሐይ ሳትነካው የኖረ ነውና።

«አሻራው አይጠፋም» አለችው።

«ይሁን። ማን ቀርቦ ያየዋል?»

«እኔ» አለች፤ ካለች በኋላ ደነገጠች። እሱም ደነገጠ። የዚያን ጊዜው ዝምታ መንገዱን ተሻግሮ እኔ ሱቅ ድረስ መጣ፤ ባርኔጣዎቹ ከመስቀያቸው ወዝወዝ ሲሉ አይቻለሁ።

«የተፈቱትን ሁለቱን የት ላርጋቸው?» አለች በመጨረሻ።

«አስቀምጪልኝ። ስደርስባቸው መልሰሽ ትሰፊያቸዋለሽ።»

የቁልፎቿ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ስም አወጣለት፤ «ካፒቴን»። በሁለት መስመር ካፒቴን የተባለ ሰው የለም፤ የኛ ሰፈር ግን ለጋስ ነው።

ካፒቴን በየጠዋቱ ይመጣ ጀመር። አክስት ረፋድ ላይ ነው ሱቅ የሚገቡት፤ እሱ ከሳቸው በፊት ዩኒፎርሙን ግጥም አድርጎ፣ ትንሽ ቦርሳ ይዞ ይገባና ከመለኪያው መጋረጃ ጀርባ ይሰወራል። የፓይለት ልብስ ከበረራ በፊት በየቀኑ ካውያ ካልነካው አውሮፕላኑ ከመሬት አይነሳም፤ ይህን ከታመነ ሰው ነው የሰማሁት። ጠዋት ሲወጣ አይቼው አላውቅም፤ በጓሮ በር ነበር የሚወጣው። ታዋቂ ሰው አድናቂ ያስቸግረዋል። ወደ ማታ ግድም፣ አክስት ቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ ደግሞ ከዚያው መጋረጃ ጀርባ ዩኒፎርሙን ለብሶ ብቅ ይላል።

አንድ ቀን ጨበጥኩት። መዳፉ የድንጋይ ወፍጮ ነው። መሪ ሲጨብጥ የሚውል ሰው እጅ እንዲህ ነው! ትንሽ ሽንኩርት ሽንኩርትም ይላል። ለካ ከደመና በላይ ያለው አየር እንደዚያ ነው የሚሸተው፤ እኛ ምድር ለምድር የምንኖር ከየት እናውቃለን?

ከመጋረጃው ሲወጣ ማሽኗ አጠገብ ትንሽ ዱካ ላይ ይቀመጣል። በአንዱ ማታ የማሽኑን መዘውር በጣቱ ነካ አደረገና እንዲህ አላት፤

«አየር ላይ የሚነዱት ሁለት ሆነው ነው። አንዱ ሲደክመው ዝም ብሎ እጁን አያነሳም። "መሪው ያንተ ነው" ይላል። ሌላው "መሪው የኔ ነው" ብሎ ካልመለሰለት አይለቅም። አስተማሪዬ ለዚህ ነገር ጆሮዬን ሊቆርጠው ነበር።»

«ሳይመልስለት ቢለቅስ?»

«ያኛው ይዞታል ብሎ ይሄኛው ይተዋል፤ ይሄኛው ይዞታል ብሎ ያኛው ይተዋል። አውሮፕላኑ ማንም ሳይዘው ይሄዳል። ለጊዜው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ምንም አይታወቅም።»

«ከዚያስ?»

መዘውሩን በጣቱ አንድ ዙር አዞረው። እሷም አልደገመችም።

ከዚያ በኋላ ጨዋታቸው ይኸው ሆነ። መቀስ ስታቀብለው «መቀሱ ያንተ ነው» ትላለች፤ «መቀሱ የኔ ነው» ይላታል። ዳቦ ሲገምሱ፣ ጃንጥላ ሲቀባበሉ እንደዚያው። አንድ ቀን ከሱቁ ሲወጣ እጇን ያዘና «ልቤ ያንቺ ነው» አላት። እሷ ቀላ ብላ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «ልብህ የኔ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጆሮዬም ከዓይኔ አያንስም።

እንግዲህ ፍቅር እዚህ ድረስ ነፃ ነው። ከዚህ በኋላ ዋጋ አለው።

የካፒቴን አባት አውቶቡስ ነጂ ናቸው። የራሳቸው አውቶቡስ ነበራቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለፍተው ያገኙት፤ ልጃቸውን የበረራ ትምህርት ቤት ለማስገባት ሲሉ አውቶቡሱን ሸጡት፤ አሁን የሰው አውቶቡስ ይነዳሉ። «አውቶቡስ ሸጦ አውሮፕላን ገዛ» ብሎ ሰፈሩ ሲያሾፍባቸው አይቆጡም። አውሮፕላን በላያቸው ባለፈ ቁጥር ክላክስ ይነፋሉ። «ልጄ ነው!» ይላሉ ተሳፋሪውን ዞር ብለው። በሰማይ ያለፈ ሁሉ የሳቸው ልጅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካፒቴን ልቡን አጽንቶ አክስት ፊት ቀረበ። ሰፊዋ ማሽኗ ላይ አጎንብሳለች።

«እትዬ፣ ልጅዎን እንዲሰጡኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

አክስት መነጽራቸውን አወለቁ። «እሰይ! ወግ ማዕረጓን ላይ ነው! ፓይለት አይደለህ? ተቀመጥ እንጂ። ቤትህ የት ነው?»

«ካባቴ ጋር ነው የምኖረው።»

«መኪናስ?»

«አባቴ ነበራቸው።»

«ነበራቸው አልክ? ደመወዝህስ?»

«ለጀማሪ የሚከፈለው ትንሽ ነው፣ እትዬ። እሱም በበረረበት ሰዓት ልክ ነው። የተገኘውን ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዕዳ ይወስደዋል።»

«ያልበረርክ ቀንስ?»

«ያልበረርኩ ቀን ምንም የለም።»

አክስት እጃቸውን አጨበጨቡ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ለካ ተረቱ ባንተ ነው የተተረተው! አየህ ልጄ፣ አባትህ አውቶቡሱን ባይሸጡ ኖሮ ይሄኔ አንተም ጎጆ ወጥተሃል፣ እሳቸውም አርፈዋል። ምን ልትሆን ነው ሰማይ የወጣኸው? ሰማይ ላይ ዳቦ ቤት አለ?»

«አክስቴ!» አለች ሰፊዋ።

«ተይው» አለ እሱ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እውነታቸውን ነው። ትምህርት ቤት እያለሁ፣ እትዬ፣ የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን አነሳሁት። አጠገቤ ማንም የለም። ያን ቀን ዋጋው ልክ መስሎኝ ነበር፤ አሥር አውቶቡስም ቢሆን። ከወረድኩ ወዲህ ግን አውቶቡስ ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።»

አክስት ያወለቁትን መነጽር በነጠላቸው ጫፍ ደጋግመው ወለወሉ። ግን ልጅቱን አልሰጡም። «ይቺ ልጅ እድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትጥፍ ኖራለች፤ የባሏን ኑሮ ደግሞ ስትጥፍ አላይም» ብለው መነጽራቸውን መለሱ።

ከዚያ በኋላ ሳቁ ከሱቁ ጠፋ። ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይመጣል፤ ቦርሳው ግን የከበደው ይመስላል። ሰፊዋም ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ሦስቴ አራቴ ትስታለች። የፍቅር ሰው ዓይኑ ቀድሞ ነው የሚደክመው።

አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ያለ ዩኒፎርም መጣ። ኮቱን አጣጥፎ ማሽኗ ዳር አስቀመጠው።

«ሩቅ አገር ሥራ አገኘሁ። ውሉ ረጅም ነው፤ መቼ እንደምመለስ እንጃ።»

«ምን ልትሠራ?»

«መንዳት ነው» አለ። እዩልኝ ትሕትናውን! ትልቅ ሰው መብረርን መንዳት ብሎ ነው የሚጠራው።

ሰፊዋ እግሯን ከማሽኑ ፔዳል አላነሳችም። የሚሰፋው ጨርቅ አልቋል፤ መርፌው ባዶውን ይወጋል።

«አትሂድ ካልሽኝ እቀራለሁ» አላት። «ምን እንደምንበላ አላውቅም፤ እቀራለሁ ግን። እኔ ደከመኝ። መሪው ያንቺ ነው።»

ቆመ። ጠበቀ። እሷ አጎንብሳለች። አንዲት ቃል አልመለሰችም፤ ይህን እኔ በነዚህ ዓይኖቼ፣ ከደጄ ቆሜ አይቻለሁ። ምናልባት ክብር ያዛት። ምናልባት «ካየር ላይ ያወረደችው ሴት» መባልን ፈራች። እሱም ይዛዋለች ብሎ ለቀቀ፤ እሷም ይዞታል ብላ ለቀቀች። ቦርሳውን አንስቶ ወደ ዝናቡ ወጣ። ለጊዜው ሁለቱም ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ምንም አይታወቅም ነበር።

ግን ታሪኬ በዚህ አያልቅም! ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ አገር የሚያክል አውሮፕላን ሰፈራችን ላይ ዝቅ ብሎ መጣ። ቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ወረቀት ተነሳ። ባርኔጣዎቼን ሁሉ ነፋስ ወሰዳቸው፤ ግማሾቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም። በመስኮቱ ካፒቴን ይታያል፤ እጅጌው ላይ አራት መስመር! ክንፎቹን ግራና ቀኝ ዘንበል ዘንበል አደረገላት። ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች መንገድ መሐል ወጥታ እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው አባት አውቶቡሳቸውን አቁመው ክላክሱን እስኪደክማቸው ነፉት። የዚያን ቀን ያላለቀሰ ቢኖር ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም እርጥብ ነበር።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ መንገዱን ተሻግሬ ለምስክሬ አነበብኩላት። አክስቷ ካረፉ ቆይተዋል፤ ሱቁ የሷ ነው። ፀጉሯ ሸብቷል። የኔን ሱሪ ጠርዝ እየሰፋች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«ጥሩ አድርገው ጽፈዋል፣ ጋሼ» አለች።

«አላልኩሽም?»

«አንድም ቀን ግን መንገደኛ ጭኖ አልበረረም።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«የአብራሪነት ፈቃዱን አግኝቶ ነበር። ኩባንያዎቹ የሚፈልጉት ብዙ የበረረ ሰው ነው፤ ብዙ ለመብረር ደግሞ መጀመሪያ የሚቀጥር ያስፈልጋል። ያባቱ አውቶቡስ እዚያ መሐል ቀረ። ዩኒፎርሙን የሚለብሰው ከቤት ሲወጣ አባቱ እንዲያዩት ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ቱታ ይለብስና በጓሮ ወጥቶ ገበያ ሄዶ ሽንኩርት ያራግፋል። ማታ መልሶ ዩኒፎርሙን ይለብሳል።»

«ታዲያ አባትየው?»

«ያውቁ ነበር። የቱታውን ጉልበት ያስጠገኑኝ እሳቸው ናቸው፤ "እንዳትነግሪው" ብለው። ክላክሱን ግን እስኪሞቱ አልተዉም።»

ወረቀቶቼን አጠፍኳቸው። «ሩቅ አገር የሄደውስ?»

«ከባድ መኪና ሊነዳ። መንዳት ነው አላለኝም? በላያችን የመጣ አውሮፕላን የለም፣ ጋሼ። እሱም አልመጣም።»

የቁልፎቹን ቆርቆሮ ወደኔ ገፋ አደረገችው። ሁለቱ የወርቅ መስመሮች ከታች ነበሩ፤ ክሩ እንኳ ከላያቸው አልተለቀመም።

«ደግሞ የዚያን ቀን ዝም አላልኩም» አለች። «"መሪው የኔ ነው፤ አትሂድ" ብያለሁ። እግሬ ማሽኑ ላይ ነበር። ቀና ስል በሩ ክፍት ነው።»

እግሯን ወደ ፔዳሉ መለሰች። ማሽኑ እየጮኸ ተነሳ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳለች ግን አልሰማሁም።