የአርብ ወረቀት

የሚልኪያስ አፍ ታሪኩን ሲጨርስ ጣቱ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር።

ትዝታ ይህን ያየችው በአጋጣሚ ነው። እንደ ወትሮው ቢሆን ቀናም አትልም። የሒሳብ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እርሳሷን በጥርሷ ይዛ፣ አንድ ጆሮዋን ብቻ ለወንድሟ ሰጥታ ትቀመጣለች። እሱ «ገበሬውም በሬዎቹን ፈትቶ ወደ ቤቱ ሄደ» ብሎ ሲያበቃ «ጎበዝ፣ በቃ ሂድ ተጫወት» ትለዋለች። ዛሬ ግን እርሳሷ ወደቀባትና ልታነሳው ጎንበስ ስትል ዓይኗ የወንድሟ ጣት ላይ አረፈ። ታሪኩ አልቋል፣ ከጣቱ በታች ግን ገና ግማሽ ገጽ ጽሑፍ አለ።

«ቆይ እስቲ» አለችና ከመሃል አንድ ቃል ነካች። «ይሄ ምን ይላል?»

ሚልኪያስ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር ተነሥቶ በሹክሹክታ ይወርድ ጀመር። «ከመጀመሪያው ካልጀመርሁ አይመጣልኝም» አላት፣ ምንም ሳያፍር።

ጉድ ፈላ።

ወረቀቱ የአርብ ወረቀት ይባላል። የካቲት ላይ የተነሣው ነፋስ የትምህርት ቤቱን የታችኛውን ሕንፃ ቆርቆሮ ገንጥሎ ከወሰደው ወዲህ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች የሚማሩት ቤታቸው ነው። አርብ አርብ ብቻ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። ሚልኪያስን የሚያስተምሩት የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት አሰለፈች ያለፈውን ሳምንት ሥራ ይሰሙና የሚቀጥለውን በእጃቸው ጽፈው፣ አባዝተው ያድላሉ። ሰኞ ንባብ ነው። ማክሰኞ የገብስ ፍሬ አሥር አሥር እያደረጉ መደርደር፣ ረቡዕ ጠዋትና ቀትር ላይ የራስን ጥላ በእርምጃ መለካት፣ ሐሙስ ከትልቅ ሰው ተረት ሰምቶ መልሶ መንገር። ከወረቀቱ ግርጌ ሁልጊዜ «ለምታግዙ ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» ተብሎ ተጽፏል። ትዝታ ይህችን መስመር ትወዳታለች። ለመሆኑ የስምንተኛ ክፍል ተማሪን በጽሑፍ የሚያመሰግን ማን አለ?

መውደዱንስ ትወዳታለች፤ ጊዜ ግን የላትም። የሚኒስትሪ ፈተና ደርሷል። እናቷ ፈንታነሽ ጋፋት መንገድ ላይ ካለችው ቁራጭ መሬታቸው ድንች ስትኮተኩት ትውላለች። አባቷ ሐሙሲት ከተማ ግንበኛ ነው፤ እሑድ ካልሆነ አይመጣም። ስለዚህ የአርብ ወረቀት የትዝታ ዕዳ ነው። ሰኞ ሲመጣ ሚልኪያስ «መጀመሪያ አንቺ በይልኝ» ይላታል። እሷም አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ በጥድፊያ ትልለታለች። ከዚያ እሱ ወረቀቱን ተቀብሎ እንደ ውኃ ያንበለብለዋል። የዚህ ልጅ ጭንቅላት ለጉድ ነው፣ ትል ነበር በሆዷ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄኔ ነው።

«ሚልኪ፣ ስትዋሸኝ ነበር?» አለችው።

ልጁ ግራ ገባው። «ምን ዋሸሁ?»

«አላነበብህማ!»

«አነበብሁ እንጂ። እማዬስ እንዲህ አይደል የምታነበው?»

«እንዴት ነው የምታነበው?» አለችው ትዝታ።

እናታቸው በየማለዳው የጸሎት መጽሐፏን ትገልጣለች። አያታቸው ቄስ ወልደጊዮርጊስ ሲያርፉ ለልጃቸው የተዉላት ነው። ትዝታ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ከእንቅልፏ የምትነቃው በዚያ ድምፅ ነው። ሚልኪያስ ደግሞ ከእናቱ አጠገብ ስለሚቀመጥ ትዝታ ያላየችውን አይቷል። እማዬ ገጹን የምትገልጠው ደስ ሲላት ነው። አንዳንዴ ጨርሶ አትገልጠውም። ዓይኗን ጨፍናም ታነባለች። ይህን ሁሉ እንደ ትልቅ ሙያ አድርጎ ነገራት። እሱ ገና ዓይን መጨፈኑን አልቻለበትም።

ትዝታ ያሳለፈቻቸው ቀኖች ተራ በተራ መጡባት። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ «አንቺ አንብቢልኝ፣ ዓይኔን ያዝ አድርጎኛል»። አባቷ በስልክ መልእክት ሲልክ «ዓይኔን ያዝ አድርጎኛል»። ያ ሁሉ የዓይን ሕመም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የፊታችን አርብ ግን የወላጆች ቀን ነው። ጣሪያው ተሠርቶ አልቋልና ትምህርት ቤቱ ያገዙትን ሁሉ ያመሰግናል። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች መካከል በወላጆች ፊት ቆሞ እንዲያነብ የተመረጠው ሚልኪያስ ነው። ወንድሟን ጥሩ አድርጋ ስላስጠናች መድረክ ላይ ወጥታ የሚኒስትሪ መለማመጃ መጽሐፍ የምትሸለመው ደግሞ ትዝታ ናት። ያ መጽሐፍ ገበያ ላይ ጠፍቷል፤ ከክፍሏ ያላት አንዲት ልጅ ብቻ ስትሆን እሷም አታውስም። እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። ለሚልኪያስ አዲስ ሸሚዝ ገዝታ፣ እንዳይቆሽሽ ሰቅላዋለች።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ትዝታ ነገሩን ለጓደኛዋ ለኤደን አጫወተቻት። የእናቷን ግን አላነሳችም። ኤደን ሳቀች።

«አቦ አታካብጂ» አለቻት። «የሚያነበው ታሪክ ተሰጥቶታል አይደል? ይሸምድደው። ማን ያውቃል? ማንበቡን ክረምት ላይ ቀስ ብለሽ ታስተምሪዋለሽ።»

ኤደን ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የጓደኛዋን ጭንቀት ማቅለሏ ነው። ሐሳቡም ለትዝታ አልከፋትም፤ ቀኑን ሙሉ ስታጣጥመው ዋለች። ማንም አይጎዳም። እማዬ ትደሰታለች። ሚልኪያስ ይጨበጨብለታል። መጽሐፉ እጇ ይገባል። ክረምት ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ከሰዓት እቤት ስትደርስ የአርቡን ታሪክ አንዴ አለችለት። ልጁ ወረቀቱን ለእሷ መልሶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ወጣው። ከዚያ ዞር ብሎ «ሦስተኛ ክፍል ስገባም አንቺ ትይልኛለሽ አይደል?» አላት። «አራተኛም?»

ልጁ ጥፋት የለበትም። አልዋሸም፣ አላታለለም። እህቴ አለችልኝ ብሎ ነው። እሷ ደግሞ እንዴት ማንበብ እንደቻለች ድንገት ትዝ አላት። አንደኛ ክፍል እያለች ያስተማሯት እኚሁ መምህርት አሰለፈች ናቸው። ሀ ሁን እንደ ዘፈን ታወርደው ነበርና ደህና የምታነብ ይመስላት ነበር። መምህርቷ ነቁባት። ሌሎቹ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲሮጡ እሷን ያስቀሯታል። ልጃቸውን አዝለው፣ በስንጥር አንዴ «መ»ን፣ አንዴ «ቀ»ን እየነኩ፣ ስትሳሳት ሳይቆጡ፣ ልጃቸው ሲያለቅስ እሹሩሩ እያሉ። ያንን ማንም አላዘዛቸውም። ትዝታም አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ብላቸው አታውቅም። አሁን እኚያን ሴት መድረክ ላይ አቁማ ልታታልላቸው ነው። አልቻለችም።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ አዲሱ ጣሪያ ሥር አግዳሚ ወንበር ሲደረድሩ አገኘቻቸው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ ተናገረች።

«ቲቸር፣ ሚልኪያስ ማንበብ አይችልም። እኔ ስልለት ሰምቶ በቃሉ ነው የሚለው። ቸኩዬ ሳላየው ቀረሁ።»

መምህርት አሰለፈች አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ በራሳቸው ሳቁ። ያን ሁሉ ልጅ ዛፍ ሥር ሰብስበው ሲያዳምጡ እሳቸውም ጆሯቸውን እንጂ ዓይናቸውን አልሰጡትም ነበር። ከዚያ ቀና ብለው አይዋት።

«እንዳንቺ እኮ ነው» አሉ። «አንቺም ከመሃል ስጠይቅሽ ከሀ ነበር የምትነሺ።»

«አልረሳሁትም» አለች ትዝታ። «አመስግኜዎት አላውቅም፣ ቲቸር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

መምህርቷ የአግዳሚውን አቧራ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ኋላ ስለ ሥራው ነገሯት። ፊደሉ ከተራው ወጥቶ የተደባለቀበት ሌላ ወረቀት ለሚልኪያስ ያዘጋጃሉ፤ የድሮ ሰዎችም ፊደሉ የሚደባለቅበትን አቡጊዳን ያወጡት ተራውን ለሸመደደ ልጅ ነው አሉ። አርብ ሌላ ልጅ ያነባል። ለእናትሽ እኔ ልንገራት ወይ ብለው ጠየቋት። ትዝታ እኔ እነግራታለሁ አለች።

ያ ነበር የከበዳት። ፈንታነሽ በር ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ገብስ ትለቅማለች። ትዝታ አጠገቧ ቁጭ ብላ የሚልኪያስን ነገር ነገረቻት፤ ጥፋቱ የእኔ ጥድፊያ ነው አለች። ስለ ጸሎት መጽሐፉ ቃል አልተነፈሰችም። የእናቷ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«እንደ እኔ ማለት ነዋ» አለች ፈንታነሽ።

አልተቆጣችም፤ አቀርቅራ ገብሷን እየለቀመች ቀስ ብላ አወራቻት። ልጅ እያለች አባቷ ቄሱ ግቢያቸው ውስጥ ተማሪ ሲያስተምሩ እሷ ጓዳ ሆና ትፈጫለች። ወንዶቹ ፊደሉን ያያሉ፣ እሷ ድምፁን ትሰማለች። ጸሎቱን ሁሉ እንዲያ በጆሮዋ ለቀመችው። ቄስ ወልደጊዮርጊስ አንድ ቀን ሰምተዋት ደነገጡና ከወንዶቹ ይልቅ አንቺ ያዝሽው ብለው መረቋት። በየማለዳው መጽሐፉን የምትገልጠው እሳቸውን ልታመሰግን ነው።

«አባቴ በጆሮዬ የሰጠኝን ይዤ እዚህ ደርሻለሁ፤ ተመስገን» አለች። «ልጄ ግን በጆሮው ብቻ እንዲቀር አልፈልግም። እሰይ ነገርሽኝ። ሸሚዙን እንደሆነ ሳያነብም ይለብሰዋል።»

አርብ ሕይወት የምትባል ልጅ ቀስ ብላ፣ እየቆመች አነበበች። የሽልማቱን መጽሐፍ ሕይወትን ያስጠናት ወንድሟ ታምራት ወሰደው። ትዝታ አጨበጨበች። ልቧን ቆንጠጥ አላደረገውም ማለት ውሸት ነው፤ አድርጎታል። አጠገቧ ግን እናቷ ቀለል ብሏት ተቀምጣለች፤ ሚልኪያስም በአዲስ ሸሚዙ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጭባል። ከሰዓት ሕይወት ያነበበችውን በሙሉ በቃሉ ለኤደን ሲወጣላት ተገኘ።

አዲሱ ወረቀት ሲመጣ ተናደደ። ፊደሎቹን ማን እንዲህ እንዳተራመሳቸው ማወቅ ፈለገ። ሰኞ አኮረፈ። ማክሰኞ ከመሃል «ለ»ን ለይቶ አገኛት። ትዝታ የሒሳብ ደብተሯን አጥፋ ጎኑ ተቀመጠች እንጂ ቃል አላቀበለችውም። ሐሙስ ላቡ እስኪመጣ ታግሎ «ድ… ን… ች» አለ። ተነሥቶ ወደ ማጀት ሮጠና ድንቹን አየው፤ አሁን ገና የመጣ ይመስል።

ሌላም ነገር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እማዬ እነሱ በተቀመጡበት ሥራ አላጣችም። ሰኞ ሰፌዷን ይዛ ከኋላቸው ተቀመጠች፤ ማክሰኞ የተቀደደ ልብስ ስትጠቅም አመሸች። ትዝታ ቀና ስትል እሷ ታቀረቅራለች። ረቡዕ ትዝታ አንድ ፊደል ነክታ «ይሄስ?» ስትል ሚልኪያስ ሳይመልስ ከኋላ ዝቅ ያለ ድምፅ «ረ» አለ። ልክ ነበር። ትዝታ ዞር ሳትል ጣቷን ወደሚቀጥለው ፊደል አሻገረች።

አርብ ልጆቹ አዲሱ ጣሪያ ሥር ተሰልፈው ወረቀት ይቀበላሉ። መማሩ ክፍል ውስጥ ቢጀመርም መምህርት አሰለፈች የቤቱን ሥራ አልተዉትም። ትዝታ ሚልኪያስን ይዛ ተራዋ ሲደርስ «ሁለት ይስጡኝ፣ ቲቸር» አለች።

«አንዱ ቢጠፋ ብለሽ ነው?»

«የለም። እቤት አንድ ተማሪ ጨምረናል።»

መምህርቷ አይዋት። ማን እንደሆነ አልጠየቁም። ሁለተኛውን ወረቀት ከሥር መዘው ሰጧትና ቦርሳቸውን በርብረው አንድ እርሳስ ጨመሩላት።

ትዝታ እንዳይጨማደዱ ጠቅልላ ያዘቻቸው። ለእማዬ ምን ብላ እንደምትሰጣት እያሰበች ትንሽ መንገድ ሄደች፤ ያሰበችው ሁሉ እናቷን የሚያሳፍር መሰላት። ሰኞ ምንም ሳትል ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ሚልኪያስንና እናቷን በአንድ ላይ ልትጠራቸው ወሰነች።