የሰባቱ ሴቶች ፀጉር

ረቡዕ ረቡዕ ዘነቡ ሙዚየም ትጎበኝ ነበር። ዐርባ ዓመት ሙሉ የሰው ራስ ስትሠራ ኖራ ጣቶቿን ቁርጥማት ሲይዛቸው የሹሩባ ቤቷን ለሌላ ሰው ለቀቀች፤ ከዚያ ወዲህ ነጭ ሻሿን አስራ፣ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዛ፣ በከተማይቱ ያሉትን ሙዚየሞችና ዐውደ ርእዮች ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ አንድ በአንድ አዳረሰቻቸው። ለነገሥታቱ ካባ ደንታ አልነበራትም፤ የጥንቱን ሰው አጥንትም ቢሆን አንዴ አይታ «ምስኪን፣ ጥርሱ እንኳ አልረገፈም» ብላ አልፋዋለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እናቷ ታፈሰች ትሠራው የነበረውን፣ በቤታቸው «ግልብጥ» የሚሉትን ሹሩባ።

ግልብጥ ከግንባር ወደ ኋላ የሚወርድ አይደለም፤ ከማጅራት ተነሥቶ ወደ አናት ይወጣል፣ ጉንጉኑም ከላይ ሳይሆን ከሥር እየተሳበ ይሄዳል፤ ዘነቡ ከታፈሰች እጅ በቀር የትም አይታው አታውቅም። ታፈሰች ካረፈች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ዘነቡ ሴት ልጅ አልወለደችም፤ የቀጠረቻቸው ልጃገረዶችም ጊዜ ይፈጃል እያሉ ሳይማሩት ሄዱ። ስለዚህ በየሙዚየሙ የአስተያየት መዝገብ ላይ የምስሎቹ ፀጉር አሠራር ስሕተት መሆኑንና የሚያውቅ ሰው መኖሩን ጽፋ ስልክ ቁጥሯን ታሰፍር ነበር። ይህ እውቀት ከጣቶቿ ጋር ደርቆ እንዳይቀር የሚረከባት እጅ ትሻ ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ጉዳይ በዚህ ዓለም አልቀራትም።

በሰኔ መጀመሪያ ከአንዱ ሙዚየም ተደወለላት። ሙዚየሙ ከአንድ ጠባብ ቁልቁለት ግርጌ ያለ፣ ሰገነቱ የዘመመ የጥንት መኳንንት ቤት ነው። የዐውደ ርእዩ ኃላፊ ወንድይፍራው፣ ጢሙን በጥንቃቄ የሚከረክም ትሑት ጎልማሳ፣ በሩ ድረስ ወጥቶ ተቀበላትና ወደ ውስጠኛው አዳራሽ አስገባት። የጥንቶቹ ልብሶች ቀለማቸው እንዳይለቅ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተጋርደዋል፤ በአንዲት ደብዛዛ አምፖል ሥር ከእንጨትና ከጀሶ የተሠሩ ሰባት ሴቶች ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ በበርጩማ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ብቻ የእውነተኛ ሰው ፀጉር ነበር። ከየት እንደመጣ ብትጠይቀው፣ እሱ ከመቀጠሩ በፊት ጀምሮ በዕቃ ቤት እንደነበረና መዝገቡ ላይ ምንም እንዳልተጻፈ ነገራት። ስድስቱን በየአገሩ ወግ እንድትሠራቸው፣ ሰባተኛይቱን ግን ለግልብጥ እንደተወላት፣ የታፈሰችም ስም ከሥሯ እንደሚጻፍ ቃል ገባላት። የከለከላት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ቅቤ እንዳይቀቡብኝ፣ እትዬ ዘነቡ። ተባይ ይጠራል።»

«ቅቤ ለጠማው ራስ ነው፣ ልጄ» አለችው እየሳቀች። «እነዚህን ምን ይጠማቸዋል?»

ሰኞ ሥራ ጀመረች። ፀጉሩ እንደ ቃጫ የደረቀ ነበር፤ በውሃ እያራሰች በሚዶ አበጠረችው፣ በወስፌ እየከፈለች ፈር አወጣችለት። ጣቶቿ እንዲፍታቱ በመጀመሪያይቱ ሴት ራስ ላይ ግልብጥን ሞከረች፤ እናቷ ታስተምራት እንደነበረውም ጮክ ብላ፣ አውራ ጣት የት እንደሚታጠፍ፣ ጉንጉኑ ስንት ጊዜ ከሥር እንደሚሳብ እያስረዳች ሠራችውና መልሳ ፈታችው። አዳራሹ ጸጥ ያለ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሳያቋርጣት የሚያዳምጣት ሰው ያገኘች መሰላት፤ ደስ ብሏት ሁለት ጊዜ ደጋገመችው።

ማክሰኞ በሩን ስትከፍት ሽታው ተቀበላት። የከረመ ቅቤ ክርፋት ነበር፤ በላብ የተዋጠ ሻሽ፣ ወር ሙሉ ያልታጠበ ትራስ የሚሸተውን የሚሸት፣ ከጉሮሮ ገብቶ ምላስ ሥር የሚቀመጥ ዓይነት። የመጀመሪያይቱ ሴት ፀጉር ረጥቦ ያብረቀርቃል፤ ቅቤው ቀልጦ በጆሮዋ ግንድ ላይ ወርዶ በጀሶ አንገቷ ላይ ቢጫ መሥመር ሠርቷል። ዘነቡ በጨርቅ ጠረገችው፤ ጨርቁ ቡናማ ሆነ። ዘበኛውን ጋሽ ደገፋን ጠርታ አንተ ነህ ወይ ብላ ብታፋጥጠው፣ ሽማግሌው ባርኔጣውን አንሥቶ የተመለጠ ራሱን አሳያት።

«እቴ ዘነቡ፣ ቅቤ ባገኝ ይሄን በረሃ ትቼ የእንጨት ራስ ላይ አፈሰው ነበር?»

ሳቀችና ተወችው። ሥራዋን ከቀጠለች በኋላ ግን አንድ ነገር አሳሰባት፤ በዚያ ቀዝቃዛ አዳራሽ፣ በክረምት ጭጋግ ውስጥ፣ ቅቤ በገዛ ራሱ አይቀልጥም። ቅቤን አናት ላይ የሚያቀልጠው የአናት ሙቀት ነው።

በታፈሰች ቤት ደንብ ነበር። ማጅራት ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ቀጭን ጉንጉን ሠሪዋ አትቋጫትም፤ የራሱ ባለቤት በገዛ እጇ ትቋጫታለች፣ አለዚያ ራሷን ለሌላ ሰው እንዳስረከበች ይቆጠራል ይባላል። ዘነቡ ዐርባ ዓመት ስትሠራበት የኖረችው ልማድ ነውና ረቡዕ ማታ የጨረሰቻቸውን ሦስቱን ራሶች የመጨረሻ ጉንጉናቸውን ሳትቋጭ ትታቸው ሄደች። መንገድ ላይ ነው ትዝ ያላት፤ እንጨት እንዴት ይቋጫል ብላ በራሷ ሳቀች፣ ነገ እጨርሰዋለሁ አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱም ተቋጭተው አገኘቻቸው። ወንድይፍራው በአጠገቧ ሲያልፍ አጨራረሷን አደነቀላት፤ እሱ እንደሆነ ጠየቀችው፣ ፀጉር መቋጨት ይቅርና የጫማ ማሰሪያውንም በቅጡ እንደማያስር እየሳቀ ነገራት። ዘነቡ ጎንበስ ብላ የአንዲቱን ጉንጉን ጫፍ በጣቷ ያዘችው። ርጥብ ነበር። ሴቶች ጫፉ እንዳይበተን እንደሚያደርጉት በምራቅ ታሽቶ ነበር የተቋጨው፤ ስትለቀው በጣቷና በፀጉሩ መካከል ቀጭን ልጋግ ተስቦ ተበጠሰ።

ያን ቀን ምሳ አልበላችም። በሳሙናም በበረኪናም ብትታጠብ ጥፍሮቿ ሥር የገባው ክርፋት አልወጣ አለ፤ ቤቷ ገብታ እንጀራ ስትቆርስ እጇ ወደ አፏ በቀረበ ቁጥር ጉርሻውን መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ዓርብ ስድስተኛይቱን ልትሠራ በወስፌ ፈር ስታወጣ ቅጫም አየች። እንደ ሰሊጥ ነጭ ሆኖ በየዘለላው ሥር ተደርድሯል። የአሮጌ ፀጉር አሮጌ ቅጫም ይሆናል ብላ አንዱን በአውራ ጣት ጥፍሯ ስትጨፈልቀው ጧ ብሎ ፈነዳ፤ ፈሳሹ ለብ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ ፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቅማሎቹ ወፍረው፣ ሆዳቸው በደም ጠቁሮ፣ ከብርሃኑ እየሸሹ ወደ ማጅራት ጎረፉ። ዘነቡ በሙያዋ ብዙ ቅማል አይታለች፤ ቅማል ሬሳን ጥሎ እንደሚሄድ፣ ደም የሌለበት ቤት እንደማይሠራም ታውቃለች። ወስፌውን ጣለችው። ፎሮፎር የሸፈነውን የራስ ቆዳ በጣቷ ጫን ብታደርገው ከሥሩ እንጨት አልነበረም፤ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ሰረጎድ ብሎ ተመልሶ ተነሣ።

ዐይኖቿ ሳታዛቸው ወደ እጆቻቸው ወረዱ። ሰባቱም እንደ ወትሮው እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈዋል፤ የጀሶ ጣቶቻቸው ግን እስከ አንጓቸው በቅቤ ወዝተዋል፣ በጥፍሮቻቸውም ሥር የተነቀለ ፀጉርና እከክ ተሰግስጓል።

ለወንድይፍራው መንገር ነበረባት። በሩ ድረስ ሄዳ እጀታውን ይዛ ቆመች፤ ከነገረችው ፀጉሩን ሁሉ ሰብስቦ እንደሚያቃጥለው፣ ከዚያ በኋላ ሰባተኛይቱ እንደማትኖር፣ እሑድ ዐውደ ርእዩ ሲከፈት የታፈሰች ስም የትም እንደማይነበብ አሰበች። ጣቶቿን አየቻቸው፤ ለከርሞ ሰኔ ወስፌም ላይዙ ይችላሉ። በሩን ከፍታ ወጣች፣ ለወንድይፍራው ደኅና እደር ብቻ አለችው። ከአጥሩ ውጭ ግን ግንብ ተደግፋ፣ ባዶ ሆዷ ሐሞት እስኪያወጣ ድረስ አስመለሳት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ተመለሰች። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰባተኛይቱን ብቻ ሠርታ ላትመለስ ልትሄድ ቆርጣለች፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ገባችና በሩን ከኋላዋ መለስ አደረገችው።

ሰባተኛይቱ ተሠርታ ነበር።

ዘነቡ ቀርባ ነጠላውን ከፊቷ አወረደች። ግልብጥ ነው። ከማጅራት ተነሥቷል፣ ከሥር እየተሳበ ወደ አናት ወጥቷል፤ ፈሩ ቀጥ ያለ፣ ጉንጉኑ ጠበቅ ያለ፣ ቁርጥማት ያልነካው እጅ የሠራው። ቅቤው እየተንጠባጠበ፣ ቅማሉ በየፈሩ እየተርመሰመሰ እንኳ፣ ከእናቷ ወዲህ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አይታ አታውቅም። ከጥላቻው፣ ከማቅለሽለሹ ሥር አንድ እንግዳ ደስታ ደረቷን ሞላው፤ ከእንግዲህ አይጠፋም አለች በልቧ፤ ከእኔ ጋር አይቀበርም።

ከዚያ ቀና ብላ ሌሎቹን አየች። በየአገሩ ወግ የሠራቻቸው አምስቱ ራሶች በሙሉ ተፈትተዋል፤ ጀምራ ከተወቻት ከስድስተኛይቱ ጋር ሁሉም በግልብጥ ተሠርተዋል። ክቡም ትናንት እንደተወችው አልነበረም። ሰባቱ ሴቶች ተጠጋግተው፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣ በመካከላቸው ከዕቃ ቤት የመጣ የሚመስል አንድ ባዶ በርጩማ አስቀምጠዋል።

በክረምት እንደተለመደው መብራቱ ጠፋ። ዘነቡ ወደ በሩ ዞረች፤ በጨለማው ውስጥ በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ግን እጇ የጥልፍ ቀሚስ ነካ፣ ከቀሚሱም ሥር ለብ ያለ ጉልበት። ወደ ኋላ ስታፈገፍግ የበርጩማው ጠርዝ ቋንጃዋን መታትና ተቀመጠች። ከውጭ ወንድይፍራው ወንበር የሚያወርዱትን ሰዎች ቀስ በሉ ሲል ይሰማታል፤ ልትጠራው አፏን ከፈተች፣ ክርፋቱ ገብቶ ሞላው። በዙሪያዋ እጆች ቅቤ ሲያሹ የሚሰማው ርጥብ ድምፅ ተነሣ፤ የማይቸኩል፣ የሠለጠነ። አንድ የወዛ ጣት ከኋላዋ መጥቶ የሻሿን ቋጠሮ በጥንቃቄ ሲፈታላት፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ገና ሳይሠራ የቀረው ራስ የእሷ ብቻ መሆኑ ገባት።