በሳኬት ስም

«ጋሩለስ» አለች ሂማጃ፣ ካርዱን ደረቷ ላይ ለጥፋ።

ሳኬት የሰገነቱን ጣሪያ አየ፤ ከዚያ የጎረቤቱን የተሰጣ ልብስ አየ። «እ... ጎበዝ? ደፋር?»

«ለፍላፊ! ለፍላፊ ነው፣ ሳኬት! ስንቴ ልንገርህ? እትዬ ፓድማ የጥራጥሬ ቂጣቸውን፣ ጋሬሉውን፣ እየጠበሱ ሲያወሩ አፋቸው ያርፋል? አያርፍም። ጋሬሉ፣ ጋሩለስ። በቃ!»

«አንቺ ደሞ ሁሉን ነገር ከሆድ ጋር ታገናኚዋለሽ» ብሎ ሳቀና ስልኩን አነሣ።

ሂማጃ አልሳቀችም። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዐሥረኛ ክፍል ናት። ወንድሟ ምህንድስና ጨርሶ፣ አሜሪካ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስገባውን ፈተና እየተዘጋጀ ነው ይባላል። የምትዘጋጅለት ግን እሷ ናት። ካርዶቹን የጻፈችው እሷ፣ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በአፍ መፍቻቸው በቴሉጉ ማስታወሻ ያበጀችለት እሷ፣ በየጠዋቱ ከአልጋው እየጎተተች የምታስጠናው እሷ። ስምንት መቶው ቃል እሷ ጭንቅላት ውስጥ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ለእሱ ጭንቅላት ግን ውሃ በወንፊት እንደ መቅዳት ሆነ።

ባለፈው እሁድ ደግሞ የባሰው መጣ። ሳኬት የተመዘገበበት ማሰልጠኛ በየሳምንቱ እቤት በኮምፒውተር የሚሠራ፣ ከመቶ ሰባ የሚታረም የሙከራ ፈተና ይሰጣል፤ ውጤቱንም ወዲያው ወላጅ ስልክ ላይ ይልካል። አባታቸው «ውጤትህ ከመቶ ሃምሳ አምስት ነጥብ ካነሰ አሜሪካ የሚባል ነገር እንዳታነሣብኝ፤ ከእኔ ጋር ሱቅ ገብተህ ቧንቧ ትሸጣለህ» ብለው ነበር። ሳኬት የመኝታ ቤቱን በር ዘግቶ እጇን ያዘ።

«ሂማዬ፣ ስሞትልሽ፣ የዛሬን ብቻ። ለአባባ ሰዓት ትይዝልኛለች ብያቸዋለሁ።»

በእሱ ቦታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችለት። ስሙን ጻፈችለት። መቶ ስልሳ ሦስት መጣ።

አባታቸው ስልካቸውን እንደ ጨበጡ ከፎቅ ፎቅ እየወጡ ለጎረቤት ሁሉ ጣፋጭ አደሉ። «የልጄ ጭንቅላት እኮ!» ይላሉ በየበሩ። ትሪውን ተሸክማ የምትከተላቸው ሂማጃ ነበረች። በማግስቱ ደፈር ብላ፣ መምህሯ ያሏትን ነገረቻቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት መሀል ከተማ ያለው፣ ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ የሚገባበት የሳይንስ ኮሌጅ መግባት እንደምትችል።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አሉ፣ ጋዜጣቸውን ዝቅ ሳያደርጉ። «መንገዱ ጫፍ ያለው ኮሌጅ አይበቃሽም? እስቲ መጀመሪያ ወንድምሽን እንሸኝ።»

መረራት። ያ መቶ ስልሳ ሦስት የኔ ነው የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

በዚህኛው እሁድ፣ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት አጎታቸው ሱሪባቡ ለእረፍት መጥተው ኖሮ ለምሳ ተጠሩ። ወጡ ተነሥቶ ሩዙ ላይ እርጎ ሲፈስ፣ አጎትየው ወደ ሳኬት ዞሩ።

«እስቲ አቶ መቶ ስልሳ ሦስት፣ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር በለና አስደምመን!»

ሳኬት ጉሮሮውን ጠረገ። የአጎቱ መምጣት ቤተሰቡን በሙሉ «ኢነርቬት» እንዳደረገው በእንግሊዝኛ ተናገረ፣ ደረቱን ነፍቶ።

የአጎትየው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እንዲያ ነው? እኔ ስመጣ አቅማችሁ ሙጥጥ ብሎ አለቀ? በሉ እሄድላችኋለሁ!»

ቃሉ ሲሰሙት ጉልበት የሚሰጥ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ጉልበት መንሣት ነው። ፈተናው እንዲህ ያሉ አታላይ ቃላት ይወዳል። የአባታቸው ፈገግታ ፊታቸው ላይ ደረቀ። አጎትየውም ሳቃቸውን ገታ አድርገው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ቆይ፣ መቶ ስልሳ ሦስት ያመጣ ልጅ ይሄን ይስታል?»

ሳኬት ከጠረጴዛው ሥር የሂማጃን እግር ረገጠ።

«እየቀለደ ነው እኮ አጎቴ!» አለች። ድምፅዋ ከየት እንደ መጣ አላወቀችም። «ጠዋት ሳስጠናው 'በዚህች ቃል አስቃቸዋለሁ' ሲል ነበር። ማድከም ማለት እንደሆነማ ያውቃል።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉ በላይ የሳቁት አባቷ ነበሩ። «አያችሁልኝ? ካርድ ያዧ እንኳ ቃል ለቃቅማለች!» ብለው ራሷን ነካ ነካ አደረጓት። «በይ ለአጎትሽ ውሃ አምጪ።»

ኩሽና ገብታ ብርጭቆውን ሞላችና እዚያው ቆመች። ካርድ ያዥ። ከአባቷም፣ ከወንድሟም ይልቅ በራሷ ተናደደች። እግሯን ቢረግጣትም አፏን የከፈተችው ራሷ ናት፤ ያውም እንዲያ አሳምራ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ሳኬት የመኝታ ቤቱን በር ዘጋ።

«አጎቴ የዛሬውን ፈተና ውጤት ሳያዩ አይሄዱም አሉ። ዛሬ ከተበላሸ አለቅን።»

«አለቅን?» አለች ሂማጃ።

«እሺ፣ አለቅሁ! አሁን በአንድ ቃል ትጣዪኛለሽ? ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ ደሞ፣ መቶ ስልሳ አምስት አካባቢ።» አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የጆሮ ማዳመጫውን ሰካ። ስለ ምሳው አንዲት ነገር አላነሣም። ምስጋናም የለ።

ሂማጃ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የአባቷ ስልክ ቁጥር ከባለፈው ጊዜ እንደ ተሞላ ነው፤ ገጹ የተፈታኙን ስም ብቻ ይጠይቃል። ጣቶቿ ከልምድ የሳኬትን የመጀመሪያ ፊደል ጻፉ። ዘወር ብላ አየችው። ዓይኑን ጨፍኖ በዘፈኑ እግሩን ያወዛውዛል። ከዛሬ በኋላ ለወራት እንደማያናግራት ታውቃለች። እናቷም «የወንድምሽን ዕድል ዘጋሽ» ብላ እንደምታለቅስባት ታውቃለች። ፈራች፤ ደስም አላላትም።

ፊደሏን አጠፋችና የራሷን ስም ጻፈች፦ ሂማጃ።

አባቷ መልእክቱን ሲያዩ ምናልባት ወደ ማሰልጠኛው ይደውሉ ይሆናል፣ የልጄን ስም ተሳስታችኋል ብለው።

ይደውሉ። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችና የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንበብ ጀመረች።