ተርቦቹ ያረፉበት ወፍጮ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም። በዘገባ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ከጎብዬ እስከ ቆቦ ስንት ጋኔን፣ ስንት የሚጮህ ጉድጓድ ተነግሮኝ ሄጄ አይቻለሁ፣ መጨረሻው ሁሌ ወይ ጅብ ነው፣ ወይ ሰካራም ነው፣ ወይ ነፋስ የሚያንቋቋው ቆርቆሮ ነው። ይኸኛውን ግን እንዳየሁት ልንገራችሁ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ሚያዝያ ነበር፣ ቀትር ላይ። ቆቦ ውስጥ የራያ ገበሬ ዕቃ የሚታይባት አንዲት ትንሽ ሙዚየም አለች፣ ጠባቂዋ ዘሃራ ትባላለች። በመስታወት ሣጥን ያስቀመጠችው የደጋሊት ማሽላ ዛላ ነቀዝ ገብቶበት ነበር። ተማሪዎች የሚመላለሱበት ክፍል ስለሆነ የነቀዝ ክኒን ማስቀመጥ አይቻልም፣ ስለዚህ ከምርምር ጣቢያ ከትንኝ የሚያንሱ ተርቦች በብልቃጥ አስመጣች። እነዚህ ተርቦች ሰው አይነኩም፣ ሥራቸው ፍሬው ውስጥ የተደበቀውን የነቀዝ ትል በጠረኑ አግኝቶ መግደል ብቻ ነው። እኔም የሄድኩት ይህንን ልዘግብ ነው።

እዚያ ያገኘኋቸው አዛውንት ገበሬ አቦይ አራጋው ግን የመጡት ለዘር ነው። ዛላዎቹን ለሙዚየሟ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ዝናቡ እያጠረ ሲሄድ፣ ዘግይቶ የሚደርሰውን ደጋሊት የቀበሌያቸው ሰው ሁሉ ተወው፣ አሁን እሳቸው ዘንድም አንድ ፍሬ የለም። የቀረቻቸው ዘር እዚያ ሣጥን ውስጥ ያለችው ብቻ ናት።

«ነቀዝን በትንኝ?» አሉ ብልቃጧን እያዩ። «አንቺ ልጅ፣ አንበጣው የመጣ ጊዜ የት ነበርሽ!»

«ተርብ ነው፣ አቦይ። ትንሽ ይታገሡኝ፣ የተረፈውን ፍሬ ለቅሜ እሰጥዎታለሁ።»

«እኔማ ታግሻለሁ፣ የኔ እናት። ነቀዙ ነው የማይታገሠው።»

ሣጥኑን ከፈተች፣ ተርቦቹን ለቀቀች፣ በርና መስኮቱን ዘጋን። መብራት ስለጠፋ ማራገቢያው ቆሟል፣ ሙቀቱ የራያ ሙቀት ነው። ዝም ስንል አንድ ድምፅ ተሰማኝ፦ ቅርጥ፣ ቅርጥ፣ ቅርጥ። ነቀዝ ሲበላ ጆሮውን ላስጠጋ ሰው እንደሚሰማ ስለማውቅ አልገረመኝም፣ መቅረጫዬን ይዤ ወደ ዛላው ጠጋ አልኩ። እመኑኝ፣ እዚያ ጭጭ ያለ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከጀርባዬ ነበር።

«የት ሄዱ?» አለች ዘሃራ።

ማሽላው ላይ አንዲት ተርብ የለችም። ሁሉም ከክፍሉ ጥግ በተቀመጠው አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ ላይ ሰፍረው ይርመሰመሳሉ። ዘሃራ ትል ከሌለበት አያርፉም ብላኝ ነበር፣ ታዲያ ድንጋይ ውስጥ ምን ትል ይኖራል? ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ውስጡ ይታኘካል፣ ግን እንደ ነቀዝ አይደለም፣ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው መሃል መሃሉን ያርፋል።

«በዚህ ቀትር የሚፈጨው ማን ነው?» አሉ አቦይ፣ አሁን ቀልድ የላቸውም።

«አዑዙ ቢላህ! አቦይ፣ አያስፈራሩኝ!»

ለሦስት ሆነን ድንጋዩን አነሳነው፣ ድምፁ ቆመ። ከሥሩ አንድ እፍኝ ዱቄት ነበር፣ ነጭ፣ ለብ ያለ። ዘሃራ ያን ዕለት ጠዋት ከዘበኛው ጋር ድንጋዩን አንስታ ሥሩን እንደወለወለች ማለች። አቦይ በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

«ደጋሊት ነው» አሉ።

ወደ ሣጥኑ ተመለስን። አንዱን ፍሬ በጥፍሬ ሰበርኩ፣ ሌላውንም፣ ሌላውንም፤ የቀረው ልጣጩ ነው፣ ውስጡ ባዶ፣ ትልም የለ፣ ነቀዝም የለ። ለዘር የመጡት ሰው ዱቄቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉን ወጡ።

በሰኔ ደወሉልኝ።

«ጋዜጠኛው፣ ዘራሁት።»

«ምኑን?»

«የያዝኩትን ነዋ።»

«አቦይ፣ ዱቄት እኮ ነው!»

«እሱን ለእኔ ትነግረኛለህ? በቅሏል።»

ከጎረቤት ማሳ የመጣ ዘር ይሆናል ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ማሳቸው እዚሁ ቅርብ ካለችው ከሮቢት ከተማ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ሙያዬ ሄደህ እይ ይለኛል፣ አልሄድኩም። በጥቅምት ራሳቸው ከበቀለው እሸት በሚኒባስ ላኩልኝ፣ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ያለች ባለሱቅ ተቀበለችልኝ፣ እሱንም አልወሰድኩም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደወለች።

«ወንድሜ፣ ይኸ እሸት እኔ ዘንድ ከተቀመጠ ወር ሊሞላው ነው፣ አንድ ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም። የምን እሸት ነው የላኩልህ?»