የእንጨት ተራራው ፍሬን ያዥ

ይህን ታሪክ ለማመን አትቸኩሉ። እኔም አልቸኮልኩም።

ግን በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ከተዘጋ ስድስት ዓመት ያለፈው የመዝናኛ ፓርክ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነበርን።

ሁለት... መሰለኝ።

እዚህ ቻናል ላይ የምታውቁኝ ስለ ድሮ መጫወቻዎች በምጽፈው ነው። የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ብዙዎቹ ለምን በአንድ ጎናቸው ብቻ እንደሚያጌጡ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ለተመልካች የሚታየው የውጭው ጎን ነዋ። የውስጡን ጎን ማን ያየዋል ብለው ቀለም ለቅለቅ ያደርጉትና ይተዉታል።

ለምን እንዲህ ያለ ነገር ስቆፍር እንደምውል ግን ነግሬያችሁ አላውቅም።

አባቴ ፍሬን ያዥ ነበር።

የድሮዎቹ የመዝናኛ ፓርክ የእንጨት ባቡሮች ሐዲዱ ላይ ፍሬን አልነበራቸውም። ሰንሰለት ወደ ላይ ይጎትታቸዋል፣ ጫፍ ላይ ይለቃቸዋል፣ ከዚያ በራሳቸው ክብደት ቁልቁል ይበራሉ። የሚያቆማቸው ሰው ነው። አንድ ሰው በፉርጎዎቹ መሃል ተቀምጦ፣ መታጠፊያ ሲደርስ ትልቁን ዘንግ ወደ ኋላ ይስባል። በአንዳንድ አገር ዛሬም እንደዚያ የሚሠሩ ጥቂት አሉ።

የእኛ ከተማው «የእንጨት ተራራ» ይባል ነበር። አባዬ አሥራ አንድ ዓመት ይዞታል። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለው ከዚያ የተነሳ ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ እሑድ ባቡሩ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፍጥነት ሳይቀንስ ገባ። አንዲት ነርስ ተወርውራ ወደቀች።

ሞተች።

አባዬ ለፖሊስም ለዳኛም የተናገረው አንድ ነገር ነው። «ውኃ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ባቡሩ ተነስቷል። ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ያየሁት ጀርባውን ነው።»

የፓርኩ መካኒክ ደግሞ መሐላ ገብቶ መሰከረ። «ሌላ ሰው የለም። እሱ ራሱ ነው። ሲቀመጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

አባዬ ሁለት ዓመት ታስሮ ወጣ።

እናቴ ልብሱን አጠበች፣ ምግቡን አቀረበች፣ ሲታመም አስታመመች። «አምንሃለሁ» ግን አላለችውም። ሳትለው ሞተች።

እኔም ከእሷ አልሻልም። አባዬን እወደዋለሁ... ግን እየጠረጠርኩት ነው ያደግሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲፈልግ ባየሁት ቁጥር፣ «ያን ቀንም እንዲህ ፈዞ ይሆን?» እላለሁ በልቤ።

በኋላ ግን ጥርጣሬዬ ዞረ።

ፍሬኑን የሚጠግነው ማን ነበር? መካኒኩ። ፍሬኑ ተበላሽቶ ከነበረ ጥፋቱ የማን ይሆናል? የመካኒኩ!

ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ሌላ መንገድ የለም።

ባለፈው ወር ፓርኩ ሊፈርስ መሆኑን ሰማሁ። ባቡሩን የሌላ ከተማ ፓርክ ገዝቶታል፤ ቅዳሜ ተጭኖ ይሄዳል። ግቢውን የሚጠብቀው ያው መካኒክ ነው። ጡረታ ወጥቶም አልሄደም።

ስለ ድሮ መጫወቻዎች እጽፋለሁ ብዬ ደወልኩለት። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልነገርኩትም።

መፍቻ ከእጃቸው ስለማይለይ ሰዉ ሁሉ ጋሽ መፍቻ ይላቸዋል። በሩን ሲከፍቱልኝ ያችው መፍቻ የኋላ ኪሳቸው ውስጥ ናት። ጎንበስ ያሉ፣ ድምፃቸው የለሰለሰ ሽማግሌ ናቸው። ውሸታም ሰው እንዲህ ይመስላል ብዬ አልጠበቅሁም።

ዝገት እየረገጥን ወደ መሳፈሪያው ሄድን።

«ስንት ፉርጎ ነው ያለው ጋሼ?»

«ሦስት።»

«አሁንም ይሠራል?»

«ሞተሩ ይሠራል። ገዢዎቹ ሲሄድ ማየት ስለሚፈልጉ አዘጋጅቼዋለሁ።» ትንሽ ተራመዱ። «አባትሽ ደህና ነው?»

ቆም አልኩ።

«የትኛው አባቴ?» አልኩ። ሰው ስንት አባት አለው?

«በአካሄድሽ ነው ያወቅሁሽ» አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

ባቡሩ መሳፈሪያው ላይ ቆሟል። ወንበሮቹ ላይ አቧራው ጣት ያሰምጣል። የርግብ ኩስ ደርቆባቸዋል። በአንደኛውና በሁለተኛው ፉርጎ መሃል ያለችው የፍሬን ያዡ ወንበር ግን...

ንጹሕ ናት።

ቆዳዋ ያበራል። ሰው ተቀምጦ የተነሳባት ይመስል መሃሏ ጎድጉዷል።

«ይቺን እርስዎ ነዎት የሚጠርጓት?»

«እዚያ ላይ እጄን ካሳረፍኩ ዘመን የለውም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ፊታቸውን ወደ ሐዲዱ አዞሩ።

የፍሬኑ ዘንግ እጀታው በቆዳ ተጠቅልሏል። ላብ የጠጣ ቆዳ ነው፤ ጥቁር፣ እርጥብ። እጄን ስዘረጋ ጋሽ መፍቻ የእጄን አንጓ ለቀም አደረጉኝ። እንዲህ ያለ ጉልበት አላቸው ብዬ አላሰብኩም።

«አትንኪው» አሉ በሹክሹክታ።

አሁን ጠረጠርኳቸው። የሚደብቁት ነገር ፍሬኑ ላይ ነው ማለት ነው። ሊያስፈራሩኝ ነው።

«አስነሱልኝና ልየው» አልኩ። «ባዶውን ይሂድ። ፍሬን ያዥ ከሌለ ምን እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ።»

«ሳይዙት ሦስተኛው ላይ ይገለበጣል።»

«ይገልበጣ!»

ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«አባትሽ አሁን የት ነው?»

«ቤት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጠዋት ትቼው ነው የመጣሁት።»

«ደውዪለት። በምስል። ፊቱን እያየሽ ያዢው... ያኔ አስነሳዋለሁ።»

ምን ዓይነት ነገር ነው? ሁለቱ ተነጋግረው ይሆን? እኔ ላይ ነው እንዴ የሚሠሩት? ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ግን ደወልኩ።

አባዬ አነሳ። እንደ ልማዱ ግንባሩን ብቻ ነው የሚያሳየኝ።

«አባዬ፣ ስልኩን ዝቅ አድርገው።»

«ዝቅ አድርጌዋለሁኮ!»

«አገጭህን አሳየኝ።»

አገጩ መጣ። አፍንጫው መጣ። ከኋላው የወጥ ቤታችን አረንጓዴ መስኮት ይታያል። የጎረቤት የበር ቁልፍ ሊጠግን ፈታትቶ ጠረጴዛው ላይ በትኖታል። ራሱ ነው።

«እንዳትዘጋው፤ ዝም ብለህ ቆይ» አልኩት።

ጋሽ መፍቻ ማንሻውን ወደ ታች ተጫኑ።

ሞተሩ ተንቀጠቀጠ። ሰንሰለቱ ባቡሩን ያዘ። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ባዶ ነው። ሲነሳ ባዶ እንደነበረ እምላለሁ። እያንዳንዱን ወንበር አይቻለሁ።

ሽቅብ ወጣ። ከሐዲዱ መሃል ካለው ሰው ሠራሽ የሲሚንቶ ተራራ ጀርባ ገባ። ሰንሰለቱ ለቀቀው... ድምፁም ጠፋ።

ከዚያ መውረድ ጀመረ። ጣውላው ሁሉ አቃሰተ። መጀመሪያው መታጠፊያ። ሁለተኛው። ከተራራው ጀርባ ብቅ ሲል ፀሐይዋ ከወደዚያ ስለሆነች ዓይኔን አጠበብኩ።

መሃል ላይ ሰው ተቀምጧል።

ባቡሩ ከፊታችን ባለው ሐዲድ ላይ ሽው ብሎ አለፈ። ጀርባውን አየሁት። ግራጫ ሸሚዝ። ሰፊ አንገት።

ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው።

«አባዬ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አቤት?» አለ... ስልኩ ውስጥ።

ወደ ስልኩ አየሁ። አባዬ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ቀና ስል፣ አባዬ ነው፤ ባቡሩ ላይ ነው። ሦስተኛው መታጠፊያ እየቀረበ ነው።

ሰውዬው ዘንጉን ወደ ኋላ ሳበ።

ጥዝዝዝዝ... የፍሬኑ እንጨት ሐዲዱን ነከሰ። ባቡሩ ቀስ ብሎ፣ እንቁላል የጫነ ይመስል፣ ታጠፈ።

ድምፁ በስልኩ አባዬ ጋም ደረሰ። የያዘው የቁልፍ ብረት ከእጁ ወድቆ ሲንኳኳ ሰማሁ።

«ማነው ፍሬኑን የያዘው?» አለኝ በሹክሹክታ።

ዓይኔን ከባቡሩ አላነሳሁም።

«ልጄ... ማነው?»

ባቡሩ ከተራራው ጀርባ በሌላኛው በኩል ዞሮ መሳፈሪያው ላይ መጥቶ ቆመ። ልክ ነጩ መስመር ላይ። አንድ ጣት አላለፈም።

ወንበሯ ባዶ ናት።

እጀታውን ነካሁት። በዚህኛው ጊዜ ጋሽ መፍቻ አልከለከሉኝም።

ይሞቃል። የሰው እጅ ሙቀት ነው።

ሽማግሌው መሬት ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«አልዋሸሁም» አሉ። «ያን ቀን ያየሁት ይህንኑ ነው። አባትሽን ነው ያየሁት። ፊቱን ነው ያየሁት!»

«አባቴም አልዋሸም።»

«አልዋሸም።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «እሱ እስር ቤት ሳለ አንድ ጠዋት ሐዲዱን ግራሶ ልቀባ መጣሁ። እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሄጄ ልናገር ተነሳሁ... ማን ያምነኛል? አብዷል ብለው ያባርሩኛል አልኩ። ልጆች ነበሩኝ። ዝም አልኩ።»

«ሁለት ዓመት?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አሉኝ።

ልሰድባቸው አፌን ከፈትኩ። ተውኩት። ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁላቸው። አባዬ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። እሳቸው ግን «አዎ... አዎ ወንድሜ... አዎ» እያሉ አለቀሱ።

አመሻሹ ላይ ቤት ገባሁ። አባዬ ቁልፉን ገጣጥሞ እየሞከረው ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ... ይቅር በለኝ።»

ቁልፉን ሁለቴ ከፈተ፣ ሁለቴ ዘጋ።

«ሦስተኛው ላይ ቀስ አለ?»

«ቀስ አለ።»

«ምንም ሳይወረውር?»

«ምንም።»

ራሱን ነቀነቀ።

«ያኔ አይችልበትም ነበር» አለ። «ተምሯል ማለት ነው።»

ከዚህ ይልቅ ቀጥሎ የተናገረው ልቤን ነካው።

«እናትሽ ይህን ብትሰማ ኖሮ» አለ። ከዚያ ተነስቶ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ልየው አለኝና ወሰድኩት። ወደ ግቢው አልገባንም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ፊት ለፊት ቆምን።

ከባድ መኪናው ሦስቱን ፉርጎዎች ጭኖ ወጣ። ሸራ አላለበሷቸውም፤ በገመድ ብቻ ነው ያሰሯቸው። መንገዱ ከዚያ ጀምሮ ቁልቁለት ነው፤ ታች አደባባዩ ጋር ሰው ይሻገራል። ሕፃን ያዘለች ሴት መሃል መንገድ ላይ ነበረች።

በፉርጎዎቹ መሃል ጀርባውን የሰጠን ሰው ተቀምጧል።

አባዬ እጄን ያዘ።

ሰውዬው ክንዱን ወደ ኋላ ሳበ። ያኔ... እሱ ከሳበ በኋላ... የመኪናው የኋላ መብራቶች ቀሉ፤ መኪናውም ሴትዮዋ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

ሴትዮዋ ተሻገረች።

አባዬ ቀስ ብሎ ግራ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ሥራ አብሮት የዋለ ሰው እንደሚሰናበት።

እዚያ ታች ያለውም፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ግራ እጁን አነሳ።