ክሪክ አይሸከምም

«ዲሲ! ልቀቅ አልኩህ!»

ደራርቱ በኦሮምኛ «ተወው» እያለች አሮጌውን ጎማ በሁለት እጇ አቅፋ ይዛለች። የአጎቷ ልጅ ጃራ በሌላው በኩል ይጎትታል።

«ሼም ነው! ሰው ሁሉ መሬታችንን የሚወስደውን ማስተር ፕላን ሲቃወም አንቺ ለአሮጌ ጎማ ትሞቻለሽ?»

ዓለም ገና ከተማ ላይ መንገዱ ሊዘጋ ነው። የሰፈሩ ልጆች አስፋልቱ ላይ የሚያቃጥሉት ጎማ ፍለጋ መጥተው የአባቷን የጎሚስታ ቤት ባዶ አድርገውታል። የቀረው ይሄ ብቻ ነው፤ አባቷ መኪና በክሪክ ካነሳ በኋላ ከሥር የሚያስገባው፣ ቸርኬው ያልወለቀ ጎማ። ክሪኩ ቢከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል። «ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም» ይላል አባቷ፤ ሰው እስኪሰለቸው ድረስ ይለዋል።

አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና የፊት ጎማዋ ተንፍሶ እያነከሰች መጥታ በራቸው ላይ ቆመች። የወረደውን ሰውዬ ሲያዩ ሁለቱም ጎማውን ለቀቁት። ደላላው ተድላ ነው። «ትምህርት ቤት ሊሠራበት ነው» ብሎ የጃራን አባት አስፈርሞ፣ መሬታቸውን ለመጋዘን ያሻሻጠው እሱ ነው።

«አባትሽ የት አለ?»

«ለቅሶ ሄዷል።»

«እንግዲያው አንቺ ፍቺው። ቶሎ በይ! እነዚህ ዱርዬዎች መንገዱን ሳይዘጉት አዲስ አበባ መግባት አለብኝ።» «ዱርዬዎች» ሲል ጃራን እያየ ነበር።

ደራርቱ ክሪኩን ይዛ ስትንበረከክ ጃራ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «እዚያ ዝገቱ ጋ አድርጊው» አላት በሹክሹክታ። «ትበላሽበት። ማን ያውቃል?»

ትክክለኛውን ቦታ ታውቀዋለች። ከፊት ጎማው ጀርባ፣ ከበሩ ሥር፣ ብረቱ ተደርቦ የጠነከረበትና ሁለት ምልክት ያለበት ነው። ከእሱ ትንሽ አለፍ ሲል ግን ብረቱ በዝገት እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረካክሷል። መሬቱ ከሄደ ወዲህ ከቤት መውጣት የተወው አጎቷ ትዝ ሲላት ደሟ ፈላ። ክሪኩን ዝገቱ ሥር ከተተችው። መኪናዋ ስትነሳ ብረቱ ሲጥ ሲል አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ጎማውን ከሥር አላስገባችም። ለምን ታስገባ? ከሥር ሰው የለም።

«እስቲ ጭስ ማውጫዋም ስትንኳኳ ነበር» አለና ተድላ ኮቱን አውልቆ በጀርባው ተኛ። ራሱንና ትከሻውን ወደ ሥር አስገባ።

«ይውጡ!» አለች ደራርቱ።

«ሥራሽን ሥሪ!»

ከክሪኩ ጫፍ ላይ ቀይ የዝገት ዱቄት ፈሰሰ። ጃራም አየው፤ ግን ንቅንቅ አላለም። ደራርቱ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ጎማውን አንስታ በበሩ ሥር ገፋችው። እጇን ከማውጣቷ መኪናዋ ወረደች።

ጎማው ተጨፍልቆም ቢሆን ቻለው። ተድላ እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ክሪኩ ተንሸራቶ ነው» አለ ጃራ ፈጥኖ።

«አልተንሸራተተም» አለች ደራርቱ። «ዝገቱ ላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው። መኪናዋ እንድትበላሽ ብዬ እንጂ እርስዎ ከሥር ይገባሉ ብዬ አይደለም።»

ተድላ ገፈተራት። ጠጠሩ ላይ ወድቃ ክንዷ ተላጠ። «ከመኪናዬ ራቂ! ድሮስ ከእናንተ ምን ይጠበቃል!»

«አየሽ?» አለ ጃራ። «ለዚህ ነው ያዳንሽው? ከእንግዲህ የአጎቴ ልጅ እንዳትዪኝ።» ሊያነሳትም አልሞከረም፤ ጭስ ወደሚታይበት አስፋልት ሄደ።

ተድላ ክሪኩን አንስቶ ከሞተሩ ሥር፣ የዘይት ቋቱ ላይ አስደገፈው። ጥቂት ቢያዞረው ቋቱ ይቀደዳል፤ መኪናዋም ከዓለም ገና ንቅንቅ አትልም። የልጆቹ ጩኸት ደግሞ እየቀረበ ነው። አሁን ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም። ክሪኩን የያዘው እሱ ራሱ ነዋ!

ደራርቱ ጠላችው። ክንዷ ባቃጠላት ቁጥር የበለጠ ጠላችው።

«እዚያ አይደለም» አለች።

ተንበረከከችና ጎማው መኪናዋን በደንብ መሸከሙን በእጇ ገፋ አድርጋ አየች። ከዚያ ክሪኩን ከእጁ ወስዳ፣ ሁለቱን ምልክቶች በጣቷ ዳብሳ አገኘችና ሥራቸው አስቀመጠችው።