ምንዳዬ ሽማግሌ ላከች

ሽማግሌ የሚልክ ወንድ ነው፤ ይህን ካዛንቺስ ውስጥ የማያውቅ የለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። የጨነቃት ምንዳዬ ደግሞ ሽማግሌ ላከች።

ከተከስተ ጋር የተዋወቁት ከስታዲየም በሚነሳ ታክሲ ውስጥ ነው። የድንበሩ ጦርነት ካበቃ ዓመት አልሞላውም። ወጣቱ መቶ አለቃ ከፊት ባዶ ወንበር እያለ የኋለኛው ላይ ተጠጋግተው እንዲያስቀምጡት ሲለምን አይታ ሳቀች።

«ከኋላዬ ሰው ሲኖር አልወድም» አላት፤ እሱም ሳቀ፤ ግን እየሳቀም በሩን ያይ ነበር። ምንዳዬ የዚያን ዕለት ወደደችው።

ሲዋደዱ ከርመው ተከስተ የሰፈሩን ባለሱቅ ጋሽ ኑሪን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ላከ። አባቷ አቶ ገብረክርስቶስ በልባቸው እሺ ብለው ሳለ፣ እንደ ወጉ «ዘመድ እናማክርና በሳምንቱ ተመለሱ» አሉ።

ሳምንቱ ሳይሞላ ሁለቱ ኬክ ቤት ተቀምጠው ሳለ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ተከስተ ምንዳዬን ወለል ላይ ጥሎ በላይዋ ተኛ። «ውረዱ! ምሽግ ግቡ!» እያለ ጮኸ። አብረውት ምሽግ ገብተው ያልወጡ ልጆችን በስማቸው ጠራ። ሰው ሳቀ። በረዶው ሲያባራ ቀና ብሎ አያትና ወጥቶ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌ አልመጣም። ተከስተ «ይቅርብኝ» ብሎ አስቀርቷቸው ነበር።

«ደጄን አስረግጦ መልሴን ሳይሰማ ቀረ!» አሉ አባቷ። «ንቆናል። ሁለተኛ ስሙን እንዳታነሽብኝ!»

ምንዳዬ እያለቀሰች ወደ ጋሽ ኑሪ ሱቅ ሄደች።

«ጋሽ ኑሪ፣ ሽምግልና ይሂዱልኝ።»

«የት ነው የምሄድልሽ ልጄ?»

«ተከስተ ጋ።»

«ወንድ ላጭልሽ?» ሽማግሌው ሊስቁ ብለው ፊቷን ሲያዩ ተዉት። «አባትሽ ቢሰሙስ?»

«ይስሙ! በቃ፣ እሱ እኮ አልናቀንም፤ አፍሮ ነው። ለአባዬ እኔው እነግረዋለሁ።»

ነገረቻቸውም። ኬክ ቤቱን፣ በረዶውን፣ የተጠሩትን ስሞች ሁሉ ነገረቻቸው። አቶ ገብረክርስቶስ «ታዲያ እኔ ምን አውቄ?» አሉ በቀስታ። አልፈቀዱም፤ ግን አልከለከሏትም።

እሁድ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች ቂርቆስ፣ ተከስተ የተከራያት አንዲት ክፍል በር ላይ ቆሙ። ላኪ ቤቱ ነው የሚጠብቀው፤ ምንዳዬ ግን አላስቻላትም፤ ከኋላቸው ተከትላ መጣች።

«ተቀመጡ» አላቸው ተከስተ ግራ ተጋብቶ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ኑሪ። «ልጃችን ምንዳዬ ትዳር ፈልጋ ልካናለች።»

ተከስተ ፊቱ ደም መሰለ። እሷን ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ሲያይ ወደ እሷ ዞረ።

«ምንዳዬ፣ እኔ ገና ከምሽግ አልወጣሁም እኮ። አልጋ ላይ አልተኛም፣ ግድግዳውን ተደግፌ ነው የማነጋው። ያዘዝኳቸው ልጆች አዛውንት ሆነው መሞት ነበረባቸው። ይሄንን ይዤ እንዴት ቤትሽ ልግባ?»

«ይዘኸው ግባ።»

«ባልድንስ?»

«ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። ጠበልም ካልክ ዑራኤል ቅርብ ነው። ባትድንም፣ አንተ ግድግዳ ስትደገፍ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ማለቴ፣ ጤነኛ ባል እኮ ብፈልግ ሰፈሩ ሞልቷል! እኔ የምፈልገው አንተን ነው።»

ተከስተ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው። እነዚያ ልጆች ከሞቱ ወዲህ ሰው ፊት ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነበር። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ምንዳዬ በመሀላቸው አልፋ እጁን ያዘች፤ አልቅሶ እስኪወጣለትም አልለቀቀችውም።

«እሺ» አላት በመጨረሻ።

«ለእኛ ንገረን እንጂ» አሉ ጋሽ ኑሪ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፤ «እግራችን አለቀ።»

«እሺ ብያለሁ፣ ጋሽ ኑሪ። ይቀመጡ።»